የጉባ ቆላ ሀገር በቀል ዛፎችና የሰፈራ ሥራ



ለሰፈራ የሚታጭ ቆላ በካርታ ላይ ባዶ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በመተከል ዞን በሱዳን ወሰን የሚገኘው ጉባ የዕጣን ዛፍ፣ የሽመል፣ የሁመርና የእንኮይ አገር ነው። የጉሙዝ ሕዝብ ቤቱንና ጎተራውን በሽመል ይሠራል፤ እህል በሚያልቅበት የክረምት ወራትም የሽመሉን ቡቃያ፣ የዱር ሥራሥርና ቅጠላ ቅጠል ይመገባል። ስለዚህ ደኑ ሲመነጠር የክፉ ቀን ስንቅ አብሮ ይጠፋል።

ለዚህም ምስክር አለ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከ80 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በዚያው በመተከል፣ በፓዊ እንዲሰፍሩ ሲደረግ በበለስ ሸለቆ ሰፊ ደን በዶዘር ተመንጥሯል። ሰፋሪው ከረኀብ ሲሸሽ፣ ነባሩ ጉሙዝ የሚያድንበትንና ፍሬ የሚለቅምበትን መሬት አጥቷል። በኋላም በጉባ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በሚይዘው ሐይቁ የሸለቆውን ደን ሸፍኗል፤ ነዋሪዎችም ወደ አዳዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። በመሆኑም የተረፈው ደን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

የዕጣን ዛፍ አደጋ ከሩቅ አይታይም። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ የሚተካቸው ችግኝ በሰደድ እሳትና በከብት ግጦሽ ይጠፋል፤ ያለ ዕረፍት የሚቆሰለውም ዛፍ በነፍሳት ይጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። ሽመልም በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ ይደርቃል። ያን ጊዜ የረገፈው ዘር ካልበቀለ፣ በእሳት ከተበላ ወይም መሬቱ ከታረሰ፣ የሽመሉ ደን ተመልሶ አይተካም።

ስለዚህ የሰፈራ ቦታ ከመቀየሱ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎችና ሴቶች የምግብና የመድኃኒት ዛፎችን እንዲያመለክቱ፣ የተመለከተውም ሳይመነጠር እንዲከለል ማድረግ ይገባል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሽመል እንዳይቆረጥ፣ የዕጣን ዛፍም በየተራ እንዲያርፍና ችግኙ ከእሳትና ከከብት እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። ለአዲሱ ሰፋሪ ከዘርና ከማረሻ ጋር የዛፎቹ ስምና ጥቅም ሊነገረው ይገባል፤ ስሙን የማያውቀውን ዛፍ ለማገዶ ለመቁረጥ ማንም አያመነታምና።