ከብርሃን በፊት፦ ክሎሮፕላስት በሰሊጥና በማሽላ ፅንስ ውስጥ



በክረምት በምሥራቅ ሱዳን ካለው የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ወጣ ብሎ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ለቃኘ ሰው ጎልተው የሚታዩት ሁለት ሰብሎች ናቸው፤ ሰሊጥና ማሽላ። አርሞ ያጨዳቸው ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት የእርሻ ሠራተኛ፣ ሁለቱንም ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል። እኔ የምናገረው እሱ ስለማያየው፣ በዘሩ ውስጥ ስላለው ፅንስ ነው።

ክሎሮፕላስት ሲባል ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀውን የቅጠል አረንጓዴ ነው። በፅንስ ዘመኑ ግን የሚበልጠው ሥራው ሌላ ነው። የቅባት አሲዶች፣ በርካታ አሚኖ አሲዶችና አንዳንድ ቫይታሚኖች የሚሠሩት እዚያ ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ሳይዝም ጭምር። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማይንኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ የጎመን ዘመድ በሆነችው አራቢዶፕሲስ ውስጥ የክሎሮፕላስት ፕሮቲን የሚያስገኙና ፅንሱ ያለ እነሱ የማያድግባቸው 119 የኑክሊየስ ዘረመሎችን ለይተዋል። ብርሃን የመሰብሰቡ ሥራ ብቻ ሲጎድል ፅንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ዘሩ ይሞላል፣ ቡቃያው ግን ገርጥቶ ይወጣል። ፅንሱን ገና በእንጭጩ የሚያስቀረው የእነዚያ የማይታዩ ሥራዎች መቋረጥ ነው።

ሁለቱ ሰብሎቻችን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ክሎሮፕላስት የራሱ ጥቂት ዘረመሎች አሉት። ከእነሱ አንዱ የቅባት አሲድ ሥራን የሚጀምረውን ኢንዛይም አንድ ክፍል ያስገኛል። ሰሊጥ ይህን ዘረመል እስከዛሬ በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ይዞታል። ይህንኑ የያዘው ትምባሆ ያለ እሱ መኖር እንደማይችል በሙከራ ታይቷል። የክብደቱ ግማሽ ያህል ዘይት የሆነ ዘር ደግሞ ይህ ሥራ ቢጓደልበት ምን እንደሚቀረው ገምቱ! ማሽላ የሣር ወገን በመሆኑ፣ እንደ ገብስና በቆሎ፣ ዘረመሉን ከክሎሮፕላስቱ አጥቷል፤ በምትኩ ከኑክሊየስ የሚታዘዝ ሌላ ኢንዛይም ያገለግለዋል። ስለዚህም ነው ክሎሮፕላስቱ አንድም ፕሮቲን መሥራት ያቃተው የገብስ ፅንስ እንኳ አድጎ የሚበቅለው፤ ነጭ ሆኖ ወጥቶ የዘሩ ስንቅ ሲያልቅ ይሞታል።

የሱዳንን ማሽላ ካነሣን፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። እሳቸው ያወጡት ድርቅ ቻይ ዲቃላ፣ ሀጊን ዱራ-1፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እዚሁ ሱዳን ተለቀቀ። ዲቃላ ማሽላ ኑክሊየሱን ከሁለቱም ወላጆች ሲወስድ ክሎሮፕላስቱን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። አዳቃዩ እናቲቱን ሲመርጥ፣ አሰበውም አላሰበው፣ ክሎሮፕላስቱንም መርጧል።

ክሎሮፕላስቱ ከሚያስፈልጉት የኑክሊየስ ዘረመሎች በአንዱ ላይ ያለን ጉድለት ደብቆ የተሸከመ ተክል ግን ራሱን በራሱ ሲያዳቅል ከልጆቹ ሩብ ያህሉ ይታመማሉ። ዘር የምታባዙ ሁሉ፣ በማሽላ ከሆነ መደቡ ላይ ነጫጭ ቡቃያ ፈልጉ። በሰሊጥ ግን ቡቃያው ላይ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ከመድረቁ በፊት ፍሬውን ሰንጥቃችሁ በሙሉዎቹ መካከል የጨነገፉትን ቁጠሩ። ድርቅና ተባይም ዘር ያቀጭጫሉና፣ ከአንድ ተክል ብዙ ፍሬዎች ወስዳችሁ ሩቡ በሁሉም መደጋገሙን ሳታዩ አትፍረዱ።