ጠገራ ብርና የዘመኑ ገበያ
በደብረ ወርቅ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በዓለም ገበያ የአሮጌ ሳንቲም ዋጋ መናር ነው። ጉዳዩ ከደብረ ወርቅ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ደጋ በየሙዳዩና በየሣጥኑ የተቀመጠው ጠገራ ብር ከዚያው ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ዋጋዎችን መለየት ይገባል፤ አንደኛው የማዕድኑ፣ ሁለተኛው የሰብሳቢው ነው። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየናም ሆነ በሌላ ከተማ ለንግድ የታተመው ጠገራ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ወጣ። ሙሶሊኒ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮማ አሳትሞታል። ስለሆነም 1780 የሚለውን አይቶ ሀብት የሚጠብቅ ባለቤት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከማዕድኑ ዋጋ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ጠገራው 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይኸውም 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። የአንድ አውንስ ብር ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1980 መጀመሪያ የሀንት ወንድማማቾች ብር ባከማቹ ጊዜ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ወደቀ፤ በ2011 እንደገና ተጠጋ፤ በ2025 ግን አልፎት ሄደ። በ50 ዶላር ሒሳብ አንዱ ጠገራ በማዕድንነቱ ብቻ ከ37 ዶላር በላይ ያወጣል።

አንጥረኞቻችን ጠገራን እያቀለጡ የአንገት መስቀልና አምባር ሲሠሩ ኖረዋል። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ አንዱ ቅርስ ሌላውን ወለደ እንጂ። ለማዕድኑ ሲባል ብቻ ወደ ማቅለጫ የሚገባው ጠገራ ግን ምንም አይተካም።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነገር ከዚህ ይለያል። በፓሪስ ታትሞ የመጣው ይህ ብር 1887 ከሚለው ዓመተ ምሕረት ይጀምራል፤ ሕዝቡ ግን ለብዙ ጊዜ ከለመደው ጠገራ አልተላቀቀም። ሰብሳቢዎች ዓመቱን፣ የማተሚያ ቤቱን ምልክት፣ እንዲያውም አንበሳው ያነሣው የግራ ወይስ የቀኝ እግሩን መሆኑን እየመረመሩ ዋጋ ይሰጣሉ። የተበሳውን፣ ማንጠልጠያ የተበየደበትን፣ በአመድ የተወለወለውን ይንቃሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የተበሳ ብር በአንዲት ሴት አንገት ላይ መዋሉን ይመሰክራል፤ ገበያው እንከን የሚለው ለእኛ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የአክሱም ሳንቲም ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ምእት ዓመት የታተሙት እነዚህ ሳንቲሞች ከጽሑፍ ምንጭ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ከነገሥታቱ አንዳንዶቹ የሚታወቁት በሳንቲማቸው ብቻ ነው። የንጉሥ ኢዛና ሃይማኖት መለወጥ እንኳ ጨረቃው ወጥቶ መስቀሉ ሲገባ በሳንቲሙ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ከመሬት ወጥቶ በድብቅ ሲሸጥ በውጭ አገር ገዥው ብረቱን ያገኛል፤ የተገኘበት ስፍራ፣ ጥልቀቱ፣ አብረውት የነበሩት ዕቃዎች ግን ለማንም አይቀሩም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ክፍል እንዲገለጥ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ያዛል፤ ዋጋው በናረ ቁጥር ይህን ማስከበሩ እየከበደ ይሄዳል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየትምህርት ቤታችን አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ጠገራው ይመዘን፣ በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ለባለቤቱም ይመለስ። በምን እንደ ተገኘ፣ ለጥሎሽ ይሁን ለበሬ መግዣ፣ ከአረጋውያን ቃል ይጻፍ። የባለቤቱ ስም ለሌላ ወገን እንዳይገለጥ፣ የዋጋ ግምትም በመዝገቡ እንዳይሰፍር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ደላላ የሚፈልገው እነዚህኑ ሁለቱን ነውና። ሚዛን ከአንጥረኛ መዋስ ይቻላል፤ ለፎቶግራፉም የእጅ ስልክ ይበቃል።