እርዳታው ሲያልቅ በሩን ማን ይክፈት?



አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከወጣ ወዲህ የበጎ አድራጎት ድርጅቶቻችን ከውጭም ከአገር ውስጥም ገንዘብ ማሰባሰብ ይችላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ግን ሌላ ነው፤ ለጋሹ የሚሰጠው ለፕሮጀክት ነው። ለሥልጠናው፣ ለሥዕል ዐውደ ርእዩ ይከፍላል። የቤተ መጻሕፍቱን ጥበቃ ደመወዝ፣ የቲያትር መለማመጃውን ኪራይ ማን ይክፈል? ሕጉ ለአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል፤ ብዙ ለጋሽ ግን ያንን እንኳ አይሸፍንም። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መጽሐፉ ይቀራል፣ በሩን የሚከፍት ሰው ይጠፋል።

እንግዲህ እኛስ? አንድ የንባብ ቤት ወይም አንድ የኪነ ጥበብ ማስተማሪያ እንምረጥ። በየወሩ ትንሽም ብትሆን ሳናቋርጥ እንስጥ፤ «ለዚህ ብቻ አውሉት» ሳንል። ሒሳቡን ግን በዓመት አንዴ እንጠይቅ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!