ስም ጠርቶ መመረቅ

በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓልና በዓመታዊው የሽልማት ቀን፣ ሮም፣ ሰላም ፓላስ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የክብር እንግዶች፣
ዛሬ ስማችሁ የሚጠራ ተሸላሚዎች፣

አዘጋጅ ኮሚቴው «ከታክሲ ነጂዎች ወገን ንግግር ይደረግ» ባለን ጊዜ፣ ስለ ትምህርት መናገር የሚገባው የተመረቀ ሰው ነው ብለን ነበር። ኮሚቴው ግን «ጀምሮ ያልጨረሰም የሚለው አለው» አለን። ነገሩ እውነት ሆኖ ስላገኘነው ተቀበልን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥን፣ ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜያችን በሮም ጎዳና ሌሊት መሪ የምንጨብጥ ነንና።

በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

እንደሚታወቀው፣ ሰላም ፓላስ የምንለው ይህ ሕንፃ በ2006 ወገኖቻችን ከመግባታቸው በፊት የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ነበር። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ደግሞ የነገሩ ተገላቢጦሽ አለ። በወረራው ዘመን ግራዚያኒ የተቀመጠበት፣ ከነጻነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ የነበረው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እዚያ ቤተ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ሆነ፤ እዚህ ደግሞ ትምህርት ቤቱ «ፓላስ» ተባለ። የፓላሱን ኑሮ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር መጥተው አይተው፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ መታጠቢያ ለ250 ሰው መሆኑን በሪፖርታቸው ጽፈዋል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም በራችን በወታደርና በፖሊስ ተጠብቆ መክረማችንን አንረሳውም።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሽልማት ቀን ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዚሁ ላይ ጥቂት እንበል።

ትምህርት ባለበት ሁሉ ጎበዝን ለይቶ ማክበር የቆየ ልማድ ነው። በአገራችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ንጉሠ ነገሥቱ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ስለነበሩ ለምሩቃን ዲፕሎማ በእጃቸው ይሰጡ ነበር። ከዚያ ወዲህም «በማዕረግ»፣ «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚባለውና የወርቅ ሜዳልያው አልቀረም። በአሜሪካ ፋይ ቤታ ካፓ የሚባለው የክብር ተማሪዎች ማኅበር በታኅሣሥ 1776 በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ተመሠረተ። አባል ሆኖ የተመረጠ ተማሪ የሚለይበት ምልክት ትንሽ ቁልፍ ናት።

በጣልያን ደግሞ ምሩቁ የሎሬል ቅጠል አክሊል ይደፋል። ዲግሪውን «ላውሬያ» የሚያሰኘውም ይኸው ቅጠል ነው። ባለቅኔው ፔትራርካ በ1341 አክሊሉን የደፋው በዚችው ከተማ፣ በካምፒዶሊዮ ነበር።

ባንድ የሐምሌ ምሽት ከላ ሳፒየንሳ ዩኒቨርሲቲ በር አንድ አክሊል የደፋ ወጣት ከነወላጆቹ ጫንን። አባትየው «ቼንቶዲየቺ ኤ ሎዴ!» እያለ ደጋገመልን። ከ110 ነጥብ 110 አግኝቶ ምስጋና ተጨመረለት ማለቱ ነው። እናትየዋ ግን ነጥቡን አንዴም አላነሣችም። «ስሙን ሲጠሩት ሰማህ?» እያለች ባሏን እየጠየቀች ታለቅስ ነበር። ኋላ አባትየው ወደኛ ዞሮ «አንተስ ተምረሃል?» አለን። «ጥቂት» አልን።

ያን ሌሊት ስለ እናታችን ስናስብ አደርን። በየቤታችን ሳሎን የምርቃት ፎቶግራፍ የማይሰቀልበት ግድግዳ የለም። እናታችንም ዩኒቨርሲቲ የገባን ዕለት ሚስማሩን አስመትታ ነበር። ዛሬ በሚስማሩ ላይ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ተሰቅሎበታል። ስንደውል ስለ ትምህርት መጠየቅ ከተወች ቆይታለች፤ መተዋ ከመጠየቋ ይልቅ ይከብደናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ባለፈው ዓመት በዚሁ በዓል ላይ «ቴርሳ ሜዲያ» የሚባለውን፣ በእኛ ስምንተኛ ክፍል የሚሆነውን ምስክር ወረቀት ያገኙ አባሎቻችን ስም ተጠርቶ ነበር። አንድ ወንድማችን ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልተነሣም። ብዙዎቻችን የሌለ መሰለን፤ እርሱ ግን ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ማታ ወደ አናኚና ሜትሮ ስንሸኘው ምክንያቱን ጠየቅነው። «አገሬ ላይ በዲግሪ ተመርቄ አስተምሬያለሁ። ዲግሪዬን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬ፣ ለስምንተኛ ክፍል ሲጨበጨብልኝ በየትኛው ፊቴ ልቁም?» አለን።

ወገኖች፣ ጥፋቱ የማኅበራችን ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ ልጆች ሆነን ሳለ፣ በመካከላችን ያለውን የተማረ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። እዚህ ያገኘውን እንቆጥራለን እንጂ ይዞት የመጣውን አንቆጥርም።

ይህንንም ስንል መንገድ ስለሌለ አይደለም። በ1997 በሊዝበን የተፈረመው የትምህርት ማስረጃ ስምምነት 7ኛ ክፍል፣ ስደተኞች ወረቀታቸውን ማሟላት ባይችሉም እንኳ አገሮች ትምህርታቸውን የሚመዝኑበት ሥርዓት እንዲያበጁ ያዛል። 5ኛው ክፍል ደግሞ ሳይጨረስ የቀረ የትምህርት ዘመን ራሱ ዋጋ እንዲኖረው ይፈቅዳል። ጣልያን ስምምነቱን በ2002 በሕግ ቁጥር 148 ተቀብላለች። ማስረጃ የሚመረምረው ማዕከል ቺሜያ የሚገኘውም በዚሁ በሮም ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ ለስደተኞች የትምህርት ፓስፖርት ማዘጋጀት ጀምሯል፤ ስደተኛው ቅጽ ሞልቶ፣ ያለውን ወረቀት አቅርቦ፣ በባለሙያዎች ፊት ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። የሚሰጠው ሰነድ ለ5 ዓመት ይሠራል። ዲግሪውን አይተካም፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲውም አሠሪውም የሰውየውን ዕውቀት የሚያነብበት ወረቀት ነው። እንደዚሁም ከ2019 ጀምሮ፣ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ዕቅድ፣ በኢትዮጵያ በስደት ይኖሩ የነበሩ ተማሪዎች በባሕር ሳይሆን በአውሮፕላን መጥተው ጣልያን ውስጥ ተምረዋል።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት ሦስት ነገር እንዲታሰብበት እናቀርባለን።

1ኛ፣ ከሽልማቱ ቀን በፊት እያንዳንዱ አባል አገር ቤት የተማረውን፣ የጨረሰውንም ያቋረጠውንም፣ እንዲያስመዘግብ።

2ኛ፣ ስም በሚጠራበት ጊዜ ይዞት የመጣው ትምህርት አብሮ እንዲነበብ። ያ ወንድማችን «መምህር» ተብሎ ቢጠራ ኖሮ፣ ለስምንተኛ ክፍልም ደረቱን ነፍቶ በተነሣ ነበር።

3ኛ፣ የተሸለመ ሁሉ ለአንድ ዓመት በወር አንድ እሑድ እዚህ ተቀምጦ ሌላውን ቅጽ እንዲያስሞላ። ሽልማት ግዴታ ከሌለው ጌጥ ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ተካፍለን ከሠራነው አይከብድም። እኛ ታክሲ ነጂዎችም ለቃለ መጠይቅ የተቀጠረውን ሰው በነጻ አድርሰን ለመመለስ ቃል እንገባለን።

በመጨረሻም የራሳችንን እንናገር። ፌስታላችንን በዚህ ሳምንት ከአልጋ ሥር አውጥተነዋል። የሁለት ዓመት ውጤት የያዘ፣ ጫፉ የተበላ አንድ ወረቀት ተገኝቷል። ከመዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ስም የእኛ እንዲሆን ጠይቀናል።

በቋንቋችን ተማሪ ሲጨርስ «ተመረቀ» ይባላል፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲባርከውም «መረቀው» ይባላል። ሜዳልያና አክሊል ባይኖረን ምርቃት አላጣንምና፣ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬዎቹ ተሸላሚዎች ስማቸው ሲጠራ ከጭብጨባው በፊት ምርቃታችሁን አስቀድሙልን። ያ ወንድማችን ዛሬም ከኋላ ተቀምጧል፤ እርሱንም አትርሱት።