ክረምቱን ለማን እንስጠው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የባህል ክፍል «ወጣቶችና ኪነ ጥበብ» በሚል አርእስት እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ አርእስቱ በጣም ሰፊ ሆነብኝ። ስለዚህ አጠበብሁት። የምናገረው ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ ክረምት ነው። ልጅቱ እኅቴ ናት፤ አገራችንም ጥርባ ነው። የራስን ቤት ነገር በአደባባይ ማውጣት ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ እሷን አስፈቅጃለሁ።

እኅቴ በ2014 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን ስትጨርስ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነበር። በትምህርት ቤቷ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ጧት በሰልፍ ጊዜ ዜና ታነባለች፤ በወላጆች ቀን በአማርኛም በአዊኛም ታዜማለች፤ ጭውውት ሲሠራ የአሮጊቷን ቦታ የምትይዘው እሷ ናት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ከእኛ ራቅ ባለ አንድ ከተማ ለስድስት ሳምንት የሚቆይ የሙዚቃና የትያትር የክረምት ሥልጠና መኖሩን ሰማች። ወደ ቤት መጥታ ነገሩን ስታወራ ሦስት ሰዎች ሦስት ጥያቄ አነሡ።

አባታችን «በቤታችን አዝማሪ አልነበረም፤ እንግዲህስ ለምን ይኖራል?» አሉ። እናታችን ግን ስለ አዝማሪነቱ ምንም አላለችም። «የምትዪው ሐምሌና ነሐሴን ነው? ጤፉን ማን ያርማል? ለደቦው ማን ይጋግራል?» ብላ ጠየቀች። አጎታችን ደግሞ እስኪመሽ ዝም ብሎ ቆይቶ «ለመሆኑ ልጅቱ ሌሊቱን የት ነው የምታድረው?» አለ።

እኔ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ልገባ የምጠባበቅ ሰው ስለ ነበርሁ የሁሉንም መልስ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለአባቴ ጥያቄ ብቻ ነበር መልስ የነበረኝ። ይኸውም እንዲህ ነው።

ታላቅ ወንድማችን ገና በአሥር ዓመቱ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ሊማር ወደ ዋሸራ ሄዷል። ከዚያም ለአቋቋም ወደ ጎንደር ተሻገረ። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ እየበላ፣ በጎጆ እያደረ፣ ውሻ እየነከሰው ስንት ዓመት ቆየ! በዚያን ጊዜ ማንም ሰው «ይህ ልጅ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ሲመለስ ድግስ ተደገሰ። እስቲ እናስተውለው፤ ወንድሜ የተማረው ምንድር ነው? ድምፅን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ማውጣትና ማውረድ፤ መቋሚያን ከከበሮ፣ ጸናጽልን ከእግር ጋር ማስማማት፤ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሳይደናገጡ ማዜም ነው። ዓላማው ለእግዚአብሔር ምስጋና ማቅረብ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ዜማን ከዘፈን ጋር አደባለቀ ተብዬም እንዳልወቀስ እሠጋለሁ። ነገር ግን ልጅን ከቤት አውጥቶ፣ ርቆ ከሚገኝ መምህር ዘንድ ልኮ፣ ድምፁንና አካሉን እንዲያሠለጥን ማድረግ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ እየተባለ ልጁ ለየትኛው ትምህርት ወዴት እንደሚላክ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ከዚያም በላይ፣ አባታችን ራሳቸው ፈረሰኛ ናቸው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲከበር፣ ፈረሳቸውን ሸልመው ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ይጋልባሉ። እኔም አንድ ቀን ደፍሬ «አባቴ፣ ይህን ማን አስተማረዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አባቴ» አሉኝ። «መቼ?» ብላቸው «ከእረኝነት ስመለስ፣ በየቀኑ» አሉ። እንግዲህ አያታችን ለአንድ ልጅ ትርኢት ሲሉ ስንትና ስንት ቀን እንደ ሰጡ አስቡት! ይህን ስነግራቸው አባታችን ሳቁ፤ ግን አልተረቱም።

የትያትርን ነገር ያየን እንደ ሆነም ከመጀመሪያዎቹ ደራሲዎቻችን አንዳንዶቹ የመጡት ከዚያው ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም የደብረ ኤልያስ ልጅ ነበር። ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያም ተማሪዎችን እያሠለጠነ ትያትር አሠራ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የትያትር ጥበባት ትምህርት ቤት በስሙ ተሰይሟል። የደብረ ኤልያስ ሰው ልጁን ወደ ቅኔ ቤት ሲልክ ወደ መድረክም እየላከው እንደ ነበር አላወቀም።

መላክና መከልከል ምን እንደሚያመጡ ሁለት ታሪክ ልጥቀስ። ሙላቱ አስታጥቄን ወላጆቹ ገና በጕርምስናው ወደ ዌልስ የላኩት መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። እዚያ የገባበት ትምህርት ቤት ሙዚቃን እንደ ማንኛውም ትምህርት ያስተምር ስለ ነበረ ተሰጥዎው ታወቀ፤ ከዚያ ወደ ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ሄደ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በሕፃንነታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ቫዮሊን ተምረዋል፤ ካይሮም ድረስ ሄደው አጥንተዋል። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል ሲያገኙ ግን ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። በዚያ ሐዘን መንነው ግሸን ማርያም ገቡ፤ ብዙ ዓመትም በባዶ እግራቸው ኖሩ። እሳቸው በኋላ ወደ ፒያኖው ተመልሰው በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ እስካረፉ ድረስ ዓለም ሁሉ ሰምቷቸዋል። ተከልክለው ወደ ፒያኖው ያልተመለሱትን ልጆች ግን ስማቸውን የሚጠራልን የለም።

ልጅን በክረምት ዕረፍት ለሙዚቃ መላክ በፈረንጅ አገርም ቢሆን ዘመን የማይቆጠርለት ልማድ አይደለም። ጆሴፍ ማዲ የተባለ የሙዚቃ መምህር በ1928 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚሺጋን፣ ኢንተርሎከን በተባለ ስፍራ፣ በሁለት ሐይቆች መካከል ባለ ጫካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስቦ አንድ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ልጆቹ በእንጨት ጎጆ እያደሩ ቀን ቀን ይለማመዱ ነበር። ያ ካምፕ እስከ ዛሬ አለ። (ሐይቅና ጎጆ ከሆነ የሚያስፈልገው፣ ዘንገና ሐይቅ ከደጃችን ነው፤ ጎጆውንም ቢሆን ቀርከሃ አላጣንም።) ከዚያ ወዲህ ብዙ የሙዚቃና የትያትር ኮሌጆች ገና ኮሌጅ ያልገባ ልጅ በክረምት መጥቶ ሙያውን እንዲቀምስ በራቸውን ይከፍታሉ። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ አራት ዓመት ከማባከን አምስት ወይም ስድስት ሳምንት መሞከር ይሻላል።

ለእኛ አገር ልጅ ግን ሌላም ጥቅም አለው። ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ሰው የተሰጥዎ ፈተና ይፈተናል። የአዲስ አበባ ልጅ ከፈተናው በፊት በግል የሚያስተምረው ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ ፒያኖም በዓይኑ አይቷል። የጥርባ ልጅ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር ከፈታኝ ፊት የሚቆመው ቅኝት የሚባለውን ቃል እንኳ ሳይሰማ ነው። ይህ የተሰጥዎ ማነስ አይደለም፤ የአንድ ክረምት ማነስ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነው። እኔ ለእናቴ የኪነ ጥበብን ጥቅም ለማስረዳት ስጀምር በምጣዱ ላይ እንደ ተጎነበሰች «እሱስ ይሁን፤ አረሙስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በከተማ ያለ ወላጅ ልጁን ለክረምት ሥልጠና ሲልክ የሚያስበው ገንዘቡን ነው። የገጠር ወላጅ ግን ገንዘቡንም፣ የልጁን ጕልበትም ይከፍላል። ክረምት ለተማሪ ዕረፍት ነው ይባላል እንጂ ለእኛ ቤት ዋናው የሥራ ወራት ነው። በመጨረሻ ነገሩ ያለቀው በንግግር ብልሃት ሳይሆን፣ አክስታችን የራሷን ልጅ ለአረሙ ልትሰጠን ስለ ተስማማችና አንድ በግ ስለ ተሸጠ ነው። የአጎቴም ጥያቄ የተመለሰው በዚያ ከተማ አንዲት የሥጋ ዘመድ ስለ ነበረችን ብቻ ነው። ዘመድ ባይኖረን ኖሮ እኔም ራሴ አትሂድ እል ነበር። ሥልጠናውን የጠሩት ሰዎች ስለ ማደሪያ ሲጠየቁ «እሱ የወላጅ ጉዳይ ነው» ነበር ያሉት።

ከዚያስ ምን ሆነ? የከተማውንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ ንግግሬ ለክስ አይደለም። ስድሳ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ክፍል ታጐሩ። አንድ ኪቦርድና ሁለት ክራር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንግዳ ይመጣል ተብሎ ልጆቹ ሁሉ የአቀባበል ጭፈራ እንዲለማመዱ ታዘዙ፤ እንግዳው ቀረ። በአራተኛው ሳምንት ሌላ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ እሱ ግን መጣ፤ ልጆቹም ከጧት እስከ ቀትር በዝናብ ቆሙለት። እኅቴ በስልክ «አያ፣ እስካሁን የተማርሁት ማጨብጨብ ነው» አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ በአዊኛ ላዚም ስትል፣ የሚያዳምጣት አሠልጣኝ ቃሉ ስለማይገባው «የሚታወቀውን ዝፈኚ» አላት።

ነገር ግን እዚያው ውስጥ አንድ ዕድሜው የገፋ የክራር መምህር ነበር። ይህ ሰው ሌሎቹ ለጭፈራ ሲወጡ የቀሩትን አምስት ስድስት ልጆች በረንዳ ላይ አስቀምጦ ክራር መቃኘት አስተማራቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በምን እንደሚለያዩ በጆሯቸው እስኪለዩ ድረስ አንዱን አውታር ብቻ ደጋግሞ ያስመታቸው ነበር። እኅቴ እንደምትለው በጠቅላላው ከእሱ ዘንድ የተማረችው ከአሥራ ሁለት ቀን አይበልጥም። የበጉ ዋጋ ያ አሥራ ሁለት ቀን ነው። እኔም ብዙ አስቤበት፣ አልከሰርንም እላለሁ።

በነሐሴ መጨረሻ ስትመለስ አባታችን አላናገሯትም። እሷም ምንም ሳትል ወደ አረሙ ገባች። ከሰፈራችን እንጨት ጠራቢ ዘንድ ክራር አሠርታ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወጥራበት፣ ማታ ማታ በእሳቱ ዳር ትቃኘው ጀመር። አንድ ቀን በአዊኛ ቀስ ያለ ዜማ ስታዜም አባታችን ከመደቡ ላይ ሆነው ያዳምጡ ኖሯል፤ ስትጨርስ «ፈረስ ሲሸለም የሚባለውንስ ታውቂዋለሽ?» አሏት። አታውቀውም ነበር። እሳቸው አስተማሯት።

በተከታዩ ክረምት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ መንገድም ተዘጋ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ልጅን በአውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ሩቅ ከተማ መላክ የማይታሰብ ሆነ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ስለ ተዘጉ ስለ ክራር የሚያወራ ሰው ቅንጦተኛ መሰለ። እኔ ግን ይህን ንግግር ለማድረግ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ወደ ሥልጠናው መሄድ ካልቻለ ሥልጠናው ወደ ልጁ መሄድ አለበት።

ሐሳቤ ይህ ነው። በማኅበራችን መጋዘን ሁለት ክራር፣ አንድ መሰንቆና ሁለት ከበሮ ተቀምጠው አቧራ ለብሰዋል፤ የሚወጡትም ለምረቃ ቀን ብቻ ነው። በሚመጣው ክረምት ከእኛ መካከል የአካባቢው ልጆች የሆንን ተማሪዎች እነዚህን መሣሪያዎች ተውሰን ጥርባ ላይ ለሦስት ሳምንት ልጆችን እናስተምር። ልጆቹ በየቤታቸው ስለሚያድሩ የአጎቴ ጥያቄ ይወድቃል። ሳምንቱን ከእኛ ይልቅ እናቶች ይምረጡ፤ ትምህርቱም በቀን ከሦስት ሰዓት አይበልጥ። በአዊኛ ለሚያዜም ልጅ አዊኛ የሚሰማ አስተማሪ ይኑር። ከሁሉ በላይ፣ እንግዳ ለመቀበል የሚወጣ ልጅ አይኑር፤ ይህ በጽሑፍ ይያዝልኝ።

አንዳንድ መምህራን «እናንተ ራሳችሁ ሙያው የላችሁም፤ ምን ታስተምራላችሁ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ያሬድን አንተካም። ነገር ግን ክራር መቃኘት፣ ድምፅን ከሆድ ማውጣት፣ ቃለ ተውኔት አጥንቶ በሰው ፊት መናገር ይቻለናል። አንድ ልጅ ወደ ፈተናው ሲሄድ ቅኝት የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈታኙ አፍ አይሰማ እንጂ ከዚያ ያለፈውን ፈታኞቹ ያውቃሉ። ሙያው ያላቸው መምህራን ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ቢሰጡን፣ ያ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ያደረገውን ያህል ያደርጋሉ።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን እስከ ዓርብ ድረስ ለማኅበራችን ጸሐፊ ስጡ። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የእኅቴ ስም ነው፤ በክራር አስተማሪነት ተመዝግባለች። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ እኔ ግን የተመዘገብሁት ወንበር ለማመላለስ ነው፤ ድምፅ እንደሌለኝ በመኝታ ቤት አብራችሁኝ ያላችሁ ታውቃላችሁ።