የናፒየር ጦር ምን በልቶ መቅደላ ደረሰ?



መቅደላ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሽጉጡ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ። ይኼ ክብራችን ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ገብስና ስለ በቅሎ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ!

የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቦምቤይ ተጭኖ ዙላ ሲወርድ ወታደሩ ብቻ 13 ሺህ ገደማ ነበር። ከወታደሩ የሚበልጥ አገልጋይ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት፣ ለከባድ መድፍ የመጡ 44 ዝሆኖችም አሉ። ዙላ ደግሞ ውኃ የለም። መርከብ ላይ የባሕሩን ውኃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ነበር የሚያጠጡት። በቅሎው ከግብፅ፣ ከቱርክ፣ ከስፔን ሳይቀር ተገዝቶ ሲደርስ የሚይዘው ሰው፣ የሚታሰርበት ገመድ እንኳ በቅጡ አልተዘጋጀም። ስንቱ በውኃ ጥምና በበሽታ እዚያው አለቀ! ከባሕሩ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድም ዘርግተዋል። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ የተፈቀደለት ዘመቻ በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ።

ታዲያ ዙላ ላይ እንዲህ የተንገዳገደ ጦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራና ገደል እንዴት አቋረጠ? ዝሆኑ አይደለም ያደረሰው። ማርያ ትሬዛ ብር ይዞ መጣ፤ የኛው ገበሬ ገብሱንና ሣሩን ሸጠለት። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ የካቲት ላይ ከናፒየር ጋር ተገናኝተው መንገዱንም ገበያውንም ከፈቱለት። ዋግሹም ጎበዜም አልነኩትም።

ባንዳ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ግን የዚያን ዘመን ሠራዊት፣ የንጉሡም ሆነ የመሳፍንቱ፣ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር እኮ። ከፍሎ የሚገዛ ጦር ሲያይ ገበሬው ምን ያድርግ?

ቴዎድሮስስ? ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። የሚያልፉበት አገር ሸፍቷል፣ ወታደራቸው ይከዳል። የስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያው ሲጀመር እንግሊዝ ከኋላው እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋ የስንቅ መስመር ነበረው። ከእሳቸው ኋላ የነበረው አምባው ብቻ ነው።

ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓድዋ አጠገብ በዚያ መሣሪያ ያሸነፉት ሌላ ሰው አይደለም፤ ያንኑ ዋግሹም ጎበዜን፣ ያኔ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉትን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዐፄ ዮሐንስ ተብለው የነገሡት።