የቁርጥማት ሥሩ የት ነው?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ለዛሬ የመረጥሁት አርእስት ብዙ ሰው በየቤቱ የሚያማርረው፤ ነገር ግን ምክንያቱን እምብዛም የማይመረምረው የቁርጥማት ነገር ነው። ከመካከላችን ጉልበቱ ያበጠ ወይም ጣቶቹ የደረቁ ሰው «ምን ሆንህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ብርድ መታኝ» ይላል። ብርድ የታመመውን መገጣጠሚያ ሊያባብሰው ይችል ይሆናል። ዳሩ ግን መገጣጠሚያን የሚያሳብጠውን፤ የሚያቀላውንና የሚያግለውን የቁርጥማት ዓይነት በብርድ ብቻ ማሳበብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፤ እኛም ዛሬ የዚህን ደዌ ሥር እንፈልግ። ሥሩም ከታመመው ጉልበት ርቆ፤ በአንጀት ወይም በጉሮሮ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በመጀመሪያ ስለ ባክቴሪያ ጥቂት ልበል። ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በቀር በዓይን የማይታይ እጅግ ረቂቅ ፍጡር ነው። ስሙን ስንሰማ ወዲያው ትዝ የሚለን በሽታ ነው፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ አንድ ስሌት እንደሚያሳየው፤ በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የገዛ ራሱ የሰውነት ሕዋሳት ግን 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። የሚበዙት ባክቴሪያዎች መኖሪያቸው ትልቁ አንጀት ነው። በዚያም ሆድ ያልፈጨውን ምግብ ያብላላሉ፤ ቪታሚን ኬን ይሠራሉ፤ ጎጂ ተሐዋስያንም ገብተው ስፍራ እንዳያገኙ ይከላከላሉ። እንግዲህ እነዚህ በአንድ ግቢ አብረውን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው ማለት ነው።

ይህ ግቢ ዘበኞችም አሉት፤ እነርሱም ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የዘበኛ ሥራው ወዳጅን ከጠላት ለይቶ፤ ጠላትን መምታትና ወዳጅን ማሳለፍ ነው። ዘበኛው ሲሳሳት፤ ወይም ጠላት ከሄደ በኋላ መምታቱን አልተው ሲል ግን፤ የሚጐዳው ባለቤቱ ራሱ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ቁርጥማት ከእንዲህ ያለ ስሕተት የሚመጣ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ እነሆ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፤ በ1944፤ በፊንላንድ አገር ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው ብርቱ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ከተቅማጡ በኋላ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፤ ዓይናቸው ቀላ፤ ሽንታቸውም አቃጠላቸው። ኢልማሪ ፓሮነን የተባለ የአገሩ ሐኪም እንደዚህ ያሉ 344 ሕመምተኞችን ተመልክቶ ጥናቱን በ1948 አሳተመ። በእንዲህ ያለው ሕመም የሚያስደንቀው፤ ካበጠው መገጣጠሚያ ውሃ በመርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ሕያው ባክቴሪያ አለመገኘቱ ነው። እሳቱ የተለኰሰው አንጀት ላይ ሲሆን ጭሱ የታየው ጉልበት ላይ ነው። በ1969 የዚያው አገር ሐኪሞች ይህን ሕመም «ሪአክቲቭ አርትራይተስ» ብለው ሰየሙት፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው የአጸፋ ቁርጥማት ማለት ነው። ከተቅማጥ ሌላ በአባለ ዘር በሽታም ምክንያት ይመጣል፤ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ተቅማጥ የያዘው ሁሉ ቁርጥማት የማይዘው ለምንድን ነው? ትሉ ይሆናል። ከመልሱ አንዱ ክፍል በ1973 ተገኘ። በለንደንና በሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ሐኪሞች፤ አከርካሪን እያደነደነ ወገብን የሚያስረው ቁርጥማት በያዛቸው ሰዎች ዘንድ ኤች ኤል ኤ ቢ 27 የሚባል የውርስ ምልክት እጅግ በዝቶ አገኙ። ይኸው ምልክት የአጸፋ ቁርጥማት በያዛቸውም ዘንድ ይበዛል። ሆኖም ምልክቱን ይዘው ከተወለዱት የሚበዙት ሳይታመሙ ይኖራሉ። በ1994 በአሜሪካ የታተመ የአይጦች ምርመራ ነገሩን ይበልጥ ገለጠው። ይህ የሰው ምልክት በዘራቸው የገባባቸው አይጦች በተለመደው ሁኔታ ሲያድጉ አንጀታቸውም መገጣጠሚያቸውም ይቈጣ ነበር፤ አንዳች ባክቴሪያ በሌለበት ስፍራ ያደጉት ግን ከሁለቱም ዳኑ። እንግዲህ ውርስ ብቻውን አልበቃም፤ ደዌው እንዲነሣ ባክቴሪያም አስፈለገ።

የሁለቱን እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃውና ጊዜ ሲያገኝ ጣቶችን የሚያጣምመው ሩማቶይድ አርትራይተስም እንዲሁ እየተመረመረ ነው። በ2013 በታተመ የኒው ዮርክ ጥናት፤ መድኃኒት ካልጀመሩ 44 አዲስ ሕመምተኞች መካከል በ33ቱ አንጀት ፕሬቮቴላ ኮፕሪ የተባለው ባክቴሪያ ሲገኝ፤ ከ28 ጤነኞች የተገኘው በ6ቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ከተሰረቀ ቤት አጠገብ የቆመ ሁሉ ሌባ እንዳይደለ፤ አብሮ መገኘት ብቻውን አድራጊነትን አያስረዳም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጐዳ አንድ ደዌ ከዚህ ጋር የተዛመደ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጆችን ጉሮሮ ያሳምማል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች፤ ጉሮሮው ከዳነ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ፤ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፤ ከዚያም ወደ ክንድ የሚዛወር ቁርጥማት ሊነሣ ይችላል። መገጣጠሚያው ብዙ ሳይቆይ ይሻለዋል፤ ቤተሰቡም «ብርዱ ለቀቀው» ብሎ ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን ባክቴሪያውን ለመምታት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልብን ክዳኖች ከጠላት ጋር አምታትቶ አቍስሏቸው ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ወጣቱ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፤ ወጣቷም በእርግዝናዋ ጊዜ ትንፋሽ ሲያጥራት፤ ያን ጊዜ የተናቀው የጉሮሮ ሕመም ዋጋውን ይጠይቃል።

የሚያሳዝነው ይህ ደዌ መከላከያ ያለው መሆኑ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮውን ያሳመመው ልጅ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢጀምር ከዚህ አደጋ ሊድን ይችላል። የሚዋጠው መድኃኒት ከሆነ፤ ልጁ ቢሻለውም እንኳ 10ሩን ቀን መፈጸም አለበት። አንድ ጊዜ ትኩሳቱ የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳያገረሽበት፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ ለብዙ ዓመታት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ይህንም ማቋረጥ አይገባም። ልጁን እንጥሉን ለማስቈረጥ መውሰድ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስንና መመርቀዝን ያመጣል እንጂ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፤ መገጣጠሚያችሁ አብጦ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ፤ ባለፉት ሳምንታት ተቅማጥ፤ የጉሮሮ ሕመም ወይም የአባለ ዘር በሽታ ነክቷችሁ እንደ ሆነ ሳታፍሩ ንገሩት። የተደበቀ ነገር ሐኪሙን መንገድ ያስታል። ሁለተኛ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የምትጨብጡ ሁሉ፤ ማለዳ ስትነሡ ጣቶቻችሁ ደርቀው ከአንድ ሰዓት በላይ አልታዘዝ ቢሏችሁ፤ ያም ለሳምንታት ቢመላለስ፤ በቅባትና በፍልውሃ ብቻ ጊዜ አታጥፉ። ጣቶች ሳይጣመሙ የሚጀመር ሕክምና ሥራንም እንጀራንም ያተርፋልና፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሦስተኛ፤ የባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛችሁ አትዋጡ። የሚበዛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ መድኃኒቱ አይጠቅመውም፤ የሚመታው በአንጀታችሁ ያሉትን ደጋግ ጎረቤቶች ነው።

ቁርጥማት ሁሉ ከባክቴሪያ ይመጣል አላልሁም፤ በዕድሜና በድካም የሚመጣም አለ። ነገር ግን ልጃችሁ ጉሮሮውን አመመኝ ሲል፤ ስለ ልቡ ጭምር እንደሚናገር አድርጋችሁ ስሙት።